አምስተኛዋ ዳኛ የተኛችበት ፊልም

ዕጣው የወጣው የፊልም ፌስቲቫላችን ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ፣ ቦቻስ የሚባለውን የኳስ ማንከባለል ጨዋታ በሚጫወቱት ሰዎች ክለብ አዳራሽ ነው። የከንቲባው ጸሐፊ ለገና ቶምቦላ የምንጠቀምበትን የእንጨት በርሜል ሦስት ጊዜ አዞረና እጁን ከትቶ አንዲት ኳስ አወጣ። ቁጥሩ አራት መቶ አሥራ ስምንት ነበር። መዝገቡ ተገልጦ አራት መቶ አሥራ ስምንት ማን እንደሆነ እስኪታወቅ ድረስ ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን ቆየን፤ ማናችንም መሆን አንፈልግማ። ኒቢያ ኤቼቬሪ ተብሎ ሲነበብ አዳራሹ እፎይ አለና አጨበጨበ። እሷ አላጨበጨበችም። ጉልበቷ ላይ በዘረጋችው የተማሪ ጋውን ላይ ቁልፍ እየተከለች ነበር። መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካችና፣ እኔ ፊልም አላውቅም፣ ኤልቢዮ ይሁን አለች።

ኤልቢዮ እኔ ነኝ። የሲኒማ ቤታችን ፊልም አጫዋች ስለሆንኩ ዳኛ መሆን አልችልም፤ በሕጉ የሚያሳይ አይፈርድም። ስለዚህ ኒቢያ ለአሥራ ሰባተኛው የፑንታ ሎቤራ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል አምስተኛ ዳኛ ሆነች።

ዓለም አቀፍ የተባለው ለጉራ አይደለም፤ ዓለም በሙሉ በእርግጥ ፊልም ይልክልናል። በዚያ ዓመት ስድስት መቶ አርባ መጣ። መራጭ ኮሚቴ እየተባሉ በፌስቲቫሉ መጽሔት ላይ ፎቶአቸው የሚወጣው ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የፌስቲቫሉ ዳይሬክተር ሚርታ ሶካ እና የጥርስ ሐኪም ወንድሟ። ወንድሟ ፊልሞቹን የሚያያቸው ለበሽተኛው ማደንዘዣ ወግቶ ድዱ እስኪደነዝዝ በሚጠብቅባት ሰዓት ነው ይባላል። ከስድስት መቶ አርባው አሥራ አንዱ ለውድድር ያልፋሉ። ለቀሩት ምርጫው እጅግ አስቸጋሪ እንደነበር የሚገልጽ ደብዳቤ ይላክላቸዋል። አስቸጋሪ መሆኑን እኔም አልጠራጠርም፤ የመንጋጋ ጥርስ መንቀል ቀላል ሥራ አይደለም።

አዳራሹ የማዘጋጃ ቤቱ ነው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ወንበር አለው፤ ሰባቱ ተሰብረዋል። ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሹን ለሚርታ ሲፈቅድ ሁለት ነገር አስፈርሟታል። አንደኛው፣ ከዳኞቹ አንዱ በዕጣ የሚወጣ የከተማው ሰው እንዲሆን ነው። ሁለተኛው፣ ያሸነፈው ፊልም ቅጂ እዚሁ ቀርቶ እስከሚቀጥለው ፌስቲቫል ድረስ እሑድ እሑድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እንዲታይ ነው፤ ሰው መጣም አልመጣም። ይህን ያስፈረመው ከንቲባ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ፊርማው ግን አልሞተም፤ እኔ እሑድ አርፌ አላውቅም።

የኒቢያን ነገር ለመረዳት እንቅልፏን ማወቅ ያስፈልጋል። ጎረቤቴ ናት፤ ቤታችንን የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። አባቷ ሐዲድ ጠባቂ ነበር። ባቡሩ ሲቀር ሐዲዱ ቀረ፤ ሐዲዱ ሲቀር አባቷም ብዙ አልቆየም። ከአሥራ ስድስት ዓመቷ ጀምራ የተማሪ ነጭ ጋውንና አንገት ላይ የሚታሰረውን ሰማያዊ ሪቫን ትሰፋለች። ስታርች አድርጋ የተኮሰችው ጋውን ብቻውን ይቆማል። አንዲት ልጅ ወልዳ ድራ ወደ ዋና ከተማው ወደ ሞንቴቪዴዮ ሸኝታለች። ባሏ ሮሴንዶ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የምሳ ሾርባውን ሳይጨርስ ልቡ ቀጥ አለ። ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ እንቅልፍ በኒቢያ ዓይን አልዞረም። ሊነጋጋ ሲል አንድ ሰዓት ያህል ታሸልባለች፤ ከዚያ በቃ።

ያልሞከረችው ነገር የለም። የሊንደን አበባ አፍልታ ጠጣች። ሐኪም ያዘዘላት ኪኒን እያዞራት ምድጃ ላይ ልትወድቅ ሆነ። አልጋዋን ወደ ምሥራቅ፣ ኋላም ወደ ምዕራብ አዞረች። ልጇ የባሕር ድምፅ የተቀዳበት ካሴት ብትልክላት፣ ባሕሩ መስኮቴ ሥር አይደለም እንዴ፣ ካሴት ደግሞ ምን ያደርግልኛል ብላ መለሰችው። ማቴ የሚባለውን እንቅልፍ የሚያባርር የቅጠል ሻይ መጠጣት ተዪ የሚላት ግን በዛ። እሷ ደግሞ ያችን ቅል፣ ያችን የቆርቆሮ መምጠጫና የፍል ውኃ ቴርሞሷን ከብብቷ አትለይም። ማቴ ተዪ ሲሏት ሌላ ሌላውን ንገሩኝ ትላለች።

ከተማው ግን ተጠቅሟል። ሰው ሲተኛ እሷ ስለምትተኩስ የፑንታ ሎቤራ ልጆች ጋውን በሰባት ቀን ሳይሆን በማግስቱ ይደርስላቸዋል። መምህራኑ ሳይቀሩ፣ እግዜር ዕድሜ ይስጣት፣ እንቅልፍ የላትም እያሉ ያመሰግኗት ነበር። እኔን ይህ ምስጋና ያናድደኝ ነበር። በዚያ ዓመት እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንድ ቀን እጅጌውን ከአንገቱ ጋር ሰፋችው። ሌላ ቀን መርፌው ጥፍሯ ሥር ገባ። እንዲህ ከቀጠለ እጄ ይተወኛል፣ እጄ ከተወኝ ደግሞ ልጄ ላይ ሸክም እሆናለሁ አለችኝ አንድ ጠዋት፣ በግቢው አጥር ላይ ልብስ እያሰጣች። ኒቢያ አቤት ባይ ሴት አይደለችም። ያን ያህል ከተናገረች ከልቧ ፈርታለች ማለት ነው።

እንግዲህ ዳኞቹ መጡ። ስድስተኛው ረድፍ ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ። አንዱ ዶን አንሴልሞ ነው፤ ከወንዙ ማዶ፣ ከቦነስ አይረስ የመጣ ሰባ ዓመት ያለፈው ሃያሲ። ከማዶ የመጣ ሰው ሳይናገር ከዋለ ያመዋል። ይኼኛው ደግሞ ሲናገር ዓይኑን ይጨፍናል፤ የሚያዳምጠውን ሰው ላለማየት ይመስለኛል። ሁለተኛዋ ፈረንሳዊቷ ኦዲል ናት፤ ለሌላ ትልቅ ፌስቲቫል ፊልም የምትመርጥ፣ ቀጭን፣ ሰው አክባሪ። የቀሩት ሁለቱ አንድ ቺሊያዊና አንድ ብራዚላዊ ወጣቶች ናቸው። በሁሉ ነገር ስለሚስማሙ ስማቸውን ለይቼ አልያዝኩም። ኒቢያ መሃል ተቀመጠች፤ በቀኟ ዶን አንሴልሞ።

በመጀመሪያው ቀን ቴርሞሷን ከፍታ ማቴውን እንደ ደንቡ በተራ አዞረች። ኦዲል ተቀብላ መጠጠች፤ ምላሷ ተቃጠለ፤ ቅሉን ስትመልስ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ከልቧ አመሰገነች። እኛ ዘንድ ማቴ ሲሰጥህ ካመሰገንክ በቃኝ ማለትህ ነው። ስለዚህ ኒቢያ ስድስት ቀን ሙሉ አልፋት ስትሰጥ ሰነበተች። ኦዲል በሦስተኛው ቀን ወደ ሚርታ ሄዳ፣ ያቺን ሴትዮ ምን በድያት ነው አለች አሉ። ለሚርታ ግን ያ ሳምንት ለማስረዳት ጊዜ የሚገኝበት አልነበረም።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ የመብራት ማማው ፊልም ታየ። ከሰሜን አውሮፓ የመጣ ነው፤ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ። ለመርከቦች የሚበራ አንድ የመብራት ማማ ጠባቂ አለ። መብራቱን ያበራል። መብራቱን ያጠፋል። እንቁላል ይቀቅላል። በሃያኛው ደቂቃ ላይ በማሳያ ክፍሌ ትንሽ መስኮት ቁልቁል ሳይ የዶን አንሴልሞ ጭንቅላት ወደ ኋላ ተንጋሎ አፉ ተከፍቷል። ማንኮራፋቱ እላይ ድረስ ይሰማል። ፊልሙ ንግግርም ሙዚቃም ስለሌለው ድምፁ የፊልሙ የመሰላቸው ሰዎች ነበሩ፤ ከዋና ከተማው የመጣ አንድ ጋዜጠኛ ኋላ ላይ፣ እንደ ባሕር አውሬ እስትንፋስ ከጥልቅ የሚመጣ ድፍረት የተሞላበት ድምፅ ብሎ ጻፈለት። እኔ ብቻዬን ስስቅ ቆየሁ። ትንሽ ቆይቼ ስመለከት ኒቢያም አገጯን ደረቷ ላይ ጥላ ተኝታለች።

መብራት ሲበራ ሁሉም ተነስቶ ወጣ። ዶን አንሴልሞ ጺሙን አበጥሮ፣ ድንቅ ነው፣ ድንቅ ነው እያለ ወጣ። ኒቢያ አልተነሣችም። ወርጄ ትከሻዋን ነካሁ።

“ስንት ሰዓት ሆነ?” አለች።

“አሥራ አንድ ሊሆን ነው። ፊልሙ አልቋል።”

ዙሪያዋን አየች። እጆቿን አንስታ ፊቷ ፊት ያዘቻቸው፤ አይንቀጠቀጡም። “ኤልቢዮ፣ ተኛሁ እኮ” አለች። “ሕልም ሁሉ አየሁ።” ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔም እውነቱን ለመናገር እንባዬ መጣ፤ ዘመዴ ከሆስፒታል የወጣ ያህል ነው ደስ ያለኝ።

ችግሩ በማግስቱ መጣ። ዓርብ የታየው የሂሜና ፔሬይራ ፊልም ነበር። ሂሜና የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ ሁለት ክረምት እዚሁ ከተማችን ተከራይታ፣ በወደቡ መጋዘን ሙስል የሚባለውን ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ ከቅርፊቱ የሚፈለፍሉትን ሴቶች ቀረጸች። አዳራሹ ግጥም ብሎ ሞላ፤ የተሰበሩት ሰባት ወንበሮች ላይ ሳይቀር ሰው ተቀመጠ። በስክሪኑ ላይ እጆች ብቻ አሉ፤ የተሰነጣጠቁ፣ በጨው የነጡ፣ ቢላ እንደ ምላስ የሚያቅለበልቡ እጆች። ከዚያ ቀስ እያለ ፊታቸው ይመጣል። አንዷ ስለሞተ ልጇ ስታወራ እጇ ለአፍታ እንኳ አይቆምም። በሥራዬ ዘመን ሦስት ሺህ ፊልም አሳይቻለሁ፤ ሙያዬን ረስቼ ያየሁት ከአራትና ከአምስት አይበልጥም። ያ አንዱ ነው። ኒቢያም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዓይኗ እንደ ፈጠጠ አለቀሰች። ሽልማቱ የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው በከተማው አልነበረም።

ማታውን አጥሩ ጋ ጠራችኝ።

“የመብራት ማማው ቢያሸንፍ እሑድ እሑድ ይታያል አይደል?” አለችኝ።

“ደንቡ ነው።”

“ዓመቱን ሙሉ።”

“ዓመቱን ሙሉ። ኒቢያ፣ ምን እያሰብሽ ነው? የሂሜናስ?”

አጥሩ ላይ የቀረውን ልብስ ሰበሰበች። “ሂሜና ልጅ ናት” አለች በመጨረሻ። “እሷ ትተኛለች።”

እንግዲህ ስንት ፌስቲቫል ላይ ስንት ዳኛ በስንት ነገር ተገዝቷል ይባላል፤ በምሳ ግብዣ፣ በመርከብ ሽርሽር፣ በወዳጅነት። በእንቅልፍ ጉቦ የተያዘ ዳኛ ግን እኔ ከኒቢያ በስተቀር አልሰማሁም።

ፍርዱ ቅዳሜ ጠዋት በሆቴሉ የኋላ ክፍል ተካሄደ። የፊልሞቹን ቁርጥራጭ ካስፈለገ እንዳሳያቸው ሚርታ ስላዘዘችኝ እኔም ከኮምፒውተሬ ጋር ጥግ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሁለቱ ወጣቶች የሂሜናን መረጡ። ዶን አንሴልሞና ኦዲል የመብራት ማማውን መረጡ። ዶን አንሴልሞ ዓይኑን ጨፍኖ ስለ ዝምታ አርባ ደቂቃ ተናገረ። በተለይ የፊልሙ መሐል ክፍል በሲኒማ ታሪክ አቻ የለውም አለ። መሐል ክፍሉ ሲታይ እሱ የት እንደነበር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ነገር ግን ፊልም አጫዋች አይፈርድም፣ አይመሰክርም። ከነገሩ ጦም እደሩ ብዬ ዝም አልኩ። ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል።

ሁሉም ወደ ኒቢያ ዞሩ። እጇን ጠረጴዛው ላይ አቆላልፋ ነበር፤ ጣቶቿ ሲንቀጠቀጡ ቀለበቷ እንጨቱን ይመታል።

“እውነቱን ልናገር” አለች። “እኔ የመብራት ማማውን ፊልም ተኝቼበታለሁ።”

በእሷ ቤት መናዘዟ ነበር። ከዳኝነቱ አውጡኝ የሚል ልመናም ነበረበት፤ ፊቷን ያየሁት እኔ አውቃለሁ። ዶን አንሴልሞ ግን ከወንበሩ ብድግ አለ።

“ይኸውላችሁ” አለ። “እኔ በሦስት ገጽ መጻፍ ያቃተኝን ሴትዮዋ በአንድ ቃል ተናገሩት። ሁላችንም ነቅተን አየነው። እሳቸው ግን ፊልሙ እስከሄደበት ድረስ አብረውት ሄዱ።”

“የተሻለው ፊልም ግን እሱ ነው ወይ?” አለ ቺሊያዊው። ወይም ብራዚላዊው።

“ዶኛ ኒቢያ፣ ምርጫዎ የትኛው ነው?” አለች ሚርታ ሰዓቷን እያየች። ሽልማቱ ላይ የአሸናፊውን ስም የሚቀርጸው ሰው በር ላይ ቆሟል።

ኒቢያ እጆቿን አየች። “የመብራት ማማው” አለች።

ኦዲል ተነስታ አቀፈቻት፤ ስድስት ቀን የናቀቻት ሴት ከእሷ ጎን መቆሟ ገርሟት፣ ደጋግማ አመሰገነቻት። ኒቢያ ይህን ሁሉ ምስጋና ስትሰማ ቴርሞሱን ከነጭራሹ ዘጋችው። የሽልማቱን ምክንያት ዶን አንሴልሞ እዚያው ጻፈው፦ ተመልካቹን ከንቃት ወዲያ ወዳለው ዳርቻ ስለሚያሻግር ድፍረቱ።

ሽልማታችን የነሐስ የባሕር አንበሳ ነው። ጠርሙስ ይመስላል፤ ሠሪው ጺሙን ሲያስገባ ነሐሱ አልቆበት ነው ይባላል። የመብራት ማማው አዘጋጅ ስላልመጣ የኤምባሲ ጸሐፊ ተቀበለለት። ሂሜና ከሙስል ፈልፋዮቹ ጋር ሦስተኛ ረድፍ ላይ ተቀምጣ አጨበጨበች። ልጅቱ በደንብ ነው ያጨበጨበችው፤ ይኼ ነው የከበደኝ። ሴቶቹ ግን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ኒቢያን አዩዋት። እሷ ወለሉን አየች።

ከተማው ተቀየማት። አምስተኛው ድምፅ የማን እንደነበር በዚያው ቀን ታወቀ፤ እዚህ አገር ምስጢር የሚቆየው ዳቦ እስኪቀዘቅዝ ነው። ሥጋ ሻጩ አጥንት ያበዛባት ጀመር። እናቶቹ ሌላ ሰፊ ስለሌለ ጋውናቸውን አመጡላት፤ ግን በር ላይ አስቀምጠው ይሄዳሉ። ወደብ ላይ የምትሠራው ቴሬሳ ገበያ መሃል አግኝታት፣ “ነይ እስቲ ኒቢያ፣ የእኛ እጅ እንቅልፍ ነሳሽ እንዴ?” አለቻት። ኒቢያ ዘንቢሏን አንስታ ሄደች። እኔም ሁለት ሳምንት አኮረፍኳት። ሬዲዮዋ በግድግዳው ሲሰማኝ የራሴን ከፍ አደርገው ነበር። ሥራዬ አሳፍሮኝ ነበር፤ የተሻለውን ፊልም አውቄ የባሰውን ዓመቱን ሙሉ ላሳይ ነው።

የመጀመሪያው እሑድ ትራስ ይዛ መጣች። ቲኬት ገዛች፤ ስድስተኛው ረድፍ ላይ ያችኑ ወንበር ይዛ ተቀመጠች። ከእሷ በቀር ማንም አልነበረም። ፊልሙን ለቀቅኩላት። በሃያኛው ደቂቃ በመስኮቱ አየኋት፤ ዓይኗ ተከፍቷል። በስልሳኛውም ተከፍቷል። ጠባቂው እንቁላሉን ሲቀቅል፣ ሲልጥ፣ ሲበላ ሁሉ እያየችው ነው። ይበላት ብዬ ነበር በውስጤ፤ ወጥታ ስትሄድ ትራሱን እንደ ታመመ ልጅ አቅፋ ሳያት ግን ክፋቴ ቀዘቀዘ።

ሁለተኛው እሑድም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው እሑድ ፊልሙ መሐል ላይ ደረጃውን ወጥታ ማሳያ ክፍሌን አንኳኳች።

“ፊልሙ ያው ነው?” አለችኝ። “አልቀየርክብኝም?”

“ምን ቆርጦኝ። ያው ነው።”

“ታዲያ ለምን አልተኛም?”

በመስኮቱ ቁልቁል ተመለከትኩ። ትራሷ ወንበሯ ላይ አለ። በቀኟ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ያኔ ነው የገባኝ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። ሮሴንዶ በሕይወት ሳለ ማንኮራፋቱን ከጎዳናችን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ግድግዳውን አልፎ እኔ ዘንድ ይመጣ ነበር። ረጅም ስቦ ይቆማል፤ ሞተ እንዴ ስትል በቀጭን ፉጨት ይለቀዋል። ሃያ ስምንት ዓመት ኒቢያ ከዚያ ድምፅ ጎን ተኝታለች።

“ያስተኛሽ ፊልሙ አይደለም” አልኳት። “ሽማግሌው ነው። ዶን አንሴልሞ ከጎንሽ ሆኖ ያንኮራፋ ነበር። ልክ እንደ ሮሴንዶ።”

የድሮ ፊልም ሣጥን ላይ ቁጭ አለች። መጀመሪያ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ማልቀስ ጀመረች፤ ከዚያ በኋላ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት አስቸገረኝ። ከታች ጠባቂው መብራቱን አበራ።

“የልጅቱን ሽልማት ለአንድ አፍንጫ ሰጠሁት” አለች።

በማግስቱ ሽልማቱን መልሱ ልትል ሚርታ ቢሮ ሄደች፤ እኔም አብሬያት ሄድኩ። ሚርታ በጣም ደስ ብሏት ነበር የተቀበለችን። የመብራት ማማውን ፊልም የእኛን ሽልማት አይተው ሦስት ፌስቲቫሎች ለውድድር መርጠውታል፤ አንደኛው እንዲያውም ትልቁን ሽልማት ሰጥቶታል፤ ምክንያቱንም ከዶን አንሴልሞ ጽሑፍ ቃል በቃል ነው የወሰደው። ፑንታ ሎቤራ ዓይን እንዳላት ዓለም አወቀ አለችን። ኒቢያ ተኝታ እንደነበረ፣ ለምን እንደ ተኛችም ሁሉንም ዘርዝራ ነገረቻት። ሚርታ በትዕግሥት አዳመጠች።

“ዶኛ ኒቢያ” አለች በመጨረሻ፣ “ዳኛ አይሳሳትም። ዳኛ አመለካከት ነው ያለው።”

ለሂሜና ደብዳቤ ጻፈች። እኔ ነኝ ፖስታ ቤት የወሰድኩት። እንቅልፏንም፣ ሮሴንዶንም፣ አፍንጫውንም አልደበቀችም፤ መጨረሻው ላይ፣ ያንቺን ፊልም ነቅቼ ነው ያየሁት፣ ይህን እንድታውቂ ነው ብላ ዘጋችው። መልስ አልመጣም። ልጅቱን አልፈርድባትም፤ እኔም ብሆን ምን ብዬ እንደምመልስ አላውቅም። ኒቢያ የደብዳቤውን ነገር ለከተማው አላወራችም፤ ይቅር በሉኝም አላለች። አጥንቱን ተቀብላ ሾርባ ትሠራለች።

እጇ ግን እየባሰበት ሄደ። አንድ ከሰዓት አጥሩ ጋ ስናወራ፣ ለዶን አንሴልሞ ለምን አንጽፍለትም አልኳት እንደ ቀልድ። ለተከበረ ሰው መጥተህ አንኮራፋልኝ ተብሎ አይጻፍም አለች። ከዚያ አጥሩ ላይ የተሰጡትን ጋውኖች አየችና ወደ እኔ ዞረች።

“አንተስ ኤልቢዮ?”

“እኔ ምን?”

“ታንኮራፋለህ?”

እህቴ እስክታገባ ድረስ አብረን ኖረናል፤ አተኛኘትህ እንደ ሬሳ ነው፣ ትንፋሽህ እንኳ አይሰማም ትለኝ ነበር። ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ በአካሌ ብዙ የማዝንበት ነገር አለ፤ በአፍንጫዬ ጤንነት ያዘንኩት ግን ያን ቀን ብቻ ነው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል።

“እንደ መርከብ” አልኳት።

የዛሬ ዘመን የፊልም ማሳያ ማሽን አንዴ ከተነሣ ሰው አያስፈልገውም። ከዚያ በኋላ በመጣው እሑድ ፊልሙን ለቀቅኩና ደረጃውን ወርጄ በዶን አንሴልሞ ወንበር ተቀመጥኩ። ሁለታችንም ወደ ፊት እያየን ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል ጠብቄ፣ አንገቴን አንጋልዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ጀመርኩ። ነቅቶ ማንኮራፋት ቀላል የሚመስለው ሰው ይሞክረው። ጉሮሮ ይደርቃል፤ ሳል ይመጣል፤ መጀመሪያ ላይ ድምፄ የተረገጠ አሳማ ይመስል ነበር። ከዚያ ሮሴንዶን አስታወስኩ። ረጅም ስቤ፣ አቁሜ፣ በፉጨት ለቀቅኩት። አምስት ጊዜ፣ አሥር ጊዜ። በሠላሳኛው ገደማ የትራሱ ኮሽታ ተሰማኝ። አንድ ዓይኔን ገልጬ ሳይ አገጯ ደረቷ ላይ ወድቋል። ላርፍ ብዬ ሳቋርጥ ተነቃነቀች፤ ቀጠልኩ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ቀጠልኩ። ምን ላድርግ፣ ፊልሙንም ከጫፍ እስከ ጫፍ አየሁት። መጥፎ አይደለም። መሐል ክፍሉ በእርግጥ ደህና ነው።

ሲያልቅ ቀሰቀስኳት። እጇን አንስታ አየችው፤ ከዚያ ኪሷ ከተተችው። በባሕሩ ዳርቻ ወደ ቤታችን ስንሄድ ብዙ አላወራንም። ነፋስ ነበረ። ድምፄ ተዘግቶ ስለነበር እኔ ለመናገርም አልችልም። በሯ ላይ ስንደርስ ትራሷን ወደ ሌላ ብብቷ አዛወረች።

“ሮሴንዶ ፉጨቱ ላይ ሲደርስ ትንሽ ይዘገይ ነበር” አለችኝ።

ፊቴ ጋለ። “ትንሽ ስንል?” አልኩ በዚያ በተዘጋ ድምፄ።

“እስከ ሦስት ቁጠር” ብላ ገባች።

በሚቀጥለው እሑድ እስከ ሦስት ቆጠርኩ።